ለፊልም የተተከለው የለቅሶ ድንኳን

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ቅዳሜ ነው። የእድራችንን ድንኳን ከዕቃ ቤት ባወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ድንኳን የማወጣው ደግሞ ሰው ሲሞት ስለሆነ፣ እንዳልረሳው ተፈርዶብኛል ማለት ነው።

የምኖረው ሲግናል አካባቢ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስነዳ ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድራችን ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ብርጭቆው ሁሉ በእኔ እጅ ነው። ሰፈርተኛው «ለማ ከሟቹ ይልቅ ለወንበሩ ያዝናል» እያለ ያማኛል። ሐሜት ብቻ ነው ብዬ አልምልም።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ የላዳ ሹፌር ከመገናኛ ሴቶች እየጫነ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ሲገድል ኖሮ ተያዘ። ሦስቱን መግደሉን አመነ፣ የቀበረበትንም መርቶ አሳየ። ከእኛ ሰፈር የጠፋችውን ሰናይትን ግን «አላውቃትም» አለ። መኪናው ውስጥ ስትገባ የሥራ ጓደኞቿ በዓይናቸው አይተዋል። ሰውየው ቃሉን ሳይለውጥ እስር ቤት ሞተ።

እናቷ እትዬ ዘነበች ሁለት ዓመት ጠበቁ። ከዚያ አንድ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው ድንኳን እንድንተክልላቸው ጠየቁኝ። ልጃቸው እንደሞተች ልባቸው ነግሯቸዋል፣ ወግ ነውና ሰው ተሰብስቦ ሊያለቅሱላት ፈልገዋል። እኔ ደንቡን ነገርኳቸው። ሬሳ ባይኖርም በመርዶ ድንኳን ይወጣል፣ ግን የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል። ፖሊስ የሰጣቸው ወረቀት ደግሞ «ጠፍታለች» ይላል እንጂ «ሞታለች» አይልም።

«እትዬ፣ ወረቀት ያምጡ። ድንኳኑ የትም አይሄድም» አልኳቸው።

ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ጉዳዩን ለኮሚቴው እንኳ አላቀረብኩትም። እሳቸውም ከዚያ ወዲህ ስለ ድንኳን አንስተውብኝ አያውቁም፣ ጥቁርም አልለበሱም።

ባለፈው ዓመት ታዲያ አምስት ወጣቶች ወደ እኔ መጡ። ስለዚያ ሹፌር ፊልም እየሠሩ ነበር። ዳይሬክተሩ ናቲ የሚባል ጢሙን ያጎፈረ ቀጭን ልጅ ነው። ያላቸው አንድ ካሜራ ብቻ ነው። ላዳዋን ለምነው ነው ያገኟት፤ የግድያውን ክፍል የቀረፁት ከእንጦጦ ፓርክ ወዲህ ማንም የማይጠይቃቸው ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብተው ነው። የሟች እናት የምትሆነው ተዋናይት ሜካፑን ራሷ ትሠራለች፣ ለሁሉም ምሳ የምታመጣውም እሷው ናት። የቀራቸው የለቅሶው ትዕይንት ነበር። ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ አሳዩኝ። እኔ ደግሞ ማኅተም ካየሁ እምቢ ማለት አላውቅበትም።

«ጋሼ፣ እውነተኛ ስም የለበትም። ሁሉንም ቀይረነዋል» አለኝ ናቲ።

እትዬ ዘነበች በሐሳቤ አልመጡብኝም ብል ውሸት ነው፤ መጥተውብኛል። ግን ቤታቸው ከታች ወንዙ አጠገብ ነው፣ ድንኳኑ የሚተከለው ላይ ሜዳው ላይ ነው፣ አያዩትም ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ተከልነው። ጠረጴዛ ላይ የአንዲት ወጣት ፎቶ ተቀመጠ፣ ሻማ በራ፣ ተዋናይቷ ማልቀስ ጀመረች። እነሱም እኔም ያላሰብነው አንድ ነገር ነበር። የእኛ ሰፈር ሰው የለቅሶ ድንኳን አይቶ አያልፍም። ካሜራውም ማንንም አላጠራጠረም፣ ዛሬ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ሳይቀረፅ የሚቀር ለቅሶ የት አለ? ባለሱቁ ሙስጠፋ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጎረቤታችን አስካለ ንፍሮ ይዛ ከች አለች። አንድ የማላውቀው ሰው ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ ተቀመጠና «ማን ነው የሞተው?» አለኝ። «እንጃ» አልኩት። «ነፍስ ይማር» ብሎ ተደላድሎ ተቀመጠ።

ናቲ በደስታ ሊሞት ነው። «ጋሼ፣ በናትህ እንዳትነግራቸው» አለኝ በሹክሹክታ። እኔም ዝም አልኩ። ሰው ሲበዛ ወንበር ይጠፋል፣ ስለዚህ ምሰሶውን ተደግፌ ወንበር እቆጥር ነበር።

ቀና ስል እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተዋል።

ቀጥ ብለው ሄደው ከተዋናይቷ አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቷ የተጻፈላትን እያለቀሰች ትናገራለች፤ «ከመገናኛ ታክሲ ይዘሽ ቀረሽብኝ፣ ልጄ» ትላለች። እትዬ ዘነበች ፎቶውን አዩ፣ እሷን አዩ።

«የት ተገኘች?» አሏት።

«እንጦጦ ጫካ» አለች፣ እንደ ድርሰቱ።

እትዬ እጇን ያዙ። «አይዞሽ እህቴ። አንቺስ ታድለሽ፣ ቀብረሻታል። እኔ የእኔን አፈር እንኳ አላለበስኳትም።»

ተዋናይቷ ቀጥሎ የምትለው ጠፋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ያሁኑ ለቅሶ የድርሰት እንዳልሆነ ገባኝ።

ዝም ብዬ ብቀመጥ እትዬ ዘነበች የሚያጽናኑት ሰው አግኝተው ምንም ሳያውቁ ይሄዱ ነበር። አላስቻለኝም። ሄጄ በጆሯቸው «እትዬ፣ ይነሱ። ይሄ ለቅሶ አይደለም፣ ፊልም ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው እኔን አዩ፣ ካሜራውን አዩ፣ ከዚያ የእድራችን ስም የተጻፈበትን የድንኳኑን ጠርዝ አዩ።

«ይሄ የእኛ ድንኳን አይደለም?»

«ነው።»

«እኔን ወረቀት አምጪ አልከኝ። እነሱ ምን ወረቀት አመጡ?»

«የትብብር ደብዳቤ» አልኳቸው።

ይህን ስል የሰማኝን የራሴን ጆሮ ጠላሁት። ፊታቸውን ከእኔ አዞሩ። ሰው ፊት ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ናቲ ደንግጦ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ፣ ካሜራውን አጥፍቼዋለሁ» አላቸው።

«ለምን ታጠፋዋለህ? የሰው ለቅሶ ሁሉ ይቀረፅ የለ?» አሉት። «ቅረፅ። ድንኳኑንም እንዳታፈርሱብኝ።»

ተዋናይቷ ከቦታዋ ተነሳችላቸው። እዚያ ተቀመጡና «ሰናይት» ብለው ተጣሩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው መሀል ጠርተዋት አያውቁም። የሰናይትን ነገር ያወቀው ሰው ላላወቀው ነገረ፣ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ታመሰ። ያ ኮፍያውን ያወለቀው እንግዳ ሰው ሳይቀር ተነስቶ ደረቱን ይደቃ ነበር።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። የእድሩ ዳኛ «በየትኛው አንቀጽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደንቡ ይሻሻል ብዬ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። «ይታያል» ተብሎ እስካሁን እየታየ ነው።

ፊልሙ ከተወሰኑ ወራት በኋላ ዩቲዩብ ላይ ወጣ። ይህን የሰሙት እትዬ ዘነበች ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ቤቴ መጡ። «የልጄን ለቅሶ አሳየኝ» አሉኝ።

በልጄ ስልክ ከፈትንላቸው። ግድያውን እያሳለፍን ለቅሶው ላይ ደረስን፣ ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ራሳቸውን ሲያዩ ይታመማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸውን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በጣታቸው እየጠቆሙ የመጣውን ሰው ይለቅማሉ።

«ሙስጠፋ አለ። አስካለም መጥታለች። ይሄ ማነው፣ አላውቀውም፣ እግዜር ይስጠው።» ሲጨርሱ ስልኩን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ሰው መጥቶላታል» አሉ።

እንደገና እንድንከፍትላቸው ጠየቁን። በዚህኛው ዙር ምሰሶው አጠገብ እኔን አዩኝ። አንገቴን ደፍቼ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

«አንተም አለህ ለካ። እየጸለይክላት ነው?»

ወንበር እየቆጠርኩ ነበር።

«አዎ» አልኳቸው።

«ልጆችህን ይባርክልህ፣ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እውነቱን ልነግራቸው ሁለት ጊዜ እስከ በራቸው ሄጄ ተመልሻለሁ። ቂም ቢይዙብኝ ይቀለኝ ነበር፤ ምርቃታቸው ግን ከብዶኛል።