የድጎማ ሰልፍ

በረዶ ሰብሉን ላጠፋበት የእንጦጦ ገበሬ የዘር መግዣ ድጎማ ሲታደል፣ ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴት በነጠላዋ ላይ የወንድ ካፖርት ደርባለች። እጅጌውን ሁለቴ ጠቅልላዋለች። ብብቷ ሥር በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ሸጉጣለች። ስትመላለስ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።

«እናቴ፣ ነገርኩዎት እኮ፤ ድጎማው ለሚያርስ ነው» አለ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ። «ባለቤትዎ ይምጡ።»

«ዘምቷል አልኩህ።»

«ታዲያ መሬቱን ማን ያርሰዋል? ሴት እንደሆነች እርፍ አትጨብጥ።»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። እሷ ግን ሳትቸኩል ጆንያውን ፈትታ ማረሻ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። ብረቱ ተበልቶ አውራ ጣት አክሏል።

«እሱ ሲዘምት አዲስ ነበር፣ ጓድ» አለች። «አሁን የእኔን ስም ጻፍ።»