የኦርቪል ከባድ አረሮች

አርሌታ ቦስዊክ በአሜሪካ በአይዳሆ ተራሮች የአዳኞችን ጓዝ በበቅሎ ስታመላልስ ያረጀች ጎረቤቴ ናት። በነሐሴ ድብ ከበቅሎዎቿ አንዷን ገደለባት። ስድስት ጎራሽ ሽጉጧን ባዶ እስኪሆን ተኮሰችበት፤ ቅርብ ነበር፣ አንዱም አላገኘውም።

"እጄ ሞቷል" አለችኝ በረንዳዋ ላይ ተዘርፍጣ።

"ምላስሽ ግን አልሞተም" አልኳት። "ነይ፣ ወረቀት ላይ ተኩሺና ልየው።"

እያጉረመረመች ተነሣች። ወረቀቱን ሳየው ቀዳዳዎቹ ክብ አልነበሩም፤ አረሩ፣ የጥይቱ ጫፍ እርሳስ፣ በጎኑ ተጋድሞ ነው የገባው።

"ጥይቱን ማን ሠራው?"

"ኦርቪል ነዋ።"

ባሏ ነው። በሞተበት የበረዶ ወራት ምድጃው ሥር ተቀምጦ እርሳስ እያቀለጠ ከባድ ከባዱን አረር ሲያፈስላት ከረመ፤ ለድብ ከዚህ ያነሰ አይሆንም እያለ። ወጥቶ ለመሞከር ግን አቅም አልነበረውም።

"የዚህ ሽጉጥ አፈሙዝ ውስጡ ያለው አረሩን የሚያሽከረክረው ጥምዝ ላላ ያለ ነው" አልኳት። "ለአጭር አረር ይበቃል። የኦርቪል ከባድ ስለሆነ ረጅም ነው፤ ረጅም አረር በደንብ ካልተሽከረከረ አየር ላይ ይገለባበጣል።"

"ባሩድ ብጨምርስ?"

"ትንሽ ይረዳ ይሆናል። ክንድሽን ግን ይነቅለዋል።"

ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳበሰች። "አይ ኦርቪል" አለች፤ "ደክመህ ደክመህ!"

በማግስቱ ጠዋት እቃ ቤቷ ውስጥ የእርሳስ ማቅለጫውን ድስት ጣድን። የኦርቪልን አረሮች በእፍኟ እየዘገነች ጨመረቻቸው። እንባ አላየሁባትም፤ ትከሻዋ ብቻ ወደ ታች ወርዷል። እኔ ባመጣሁት የአረር ቅርጽ ማውጫ አጠር ያለና አፍንጫው ደፍጠጥ ያለ አረር አወጣን። ቀለህ ውስጥ ገጥመን ሞከርነው። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ፤ በአንድ መዳፍ የሚሸፈኑ።

"ይኸው! እጅሽ ምን ሆነ?" ብዬ ጮህኩ።

አልሳቀችም። ሽጉጡን ግንዱ ላይ አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ጥፋቱ የእጅሽ ነው ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር" አለች። "ሥራውን ብተው ማንም አይከራከረኝም ነበር። አሁን ምን ብዬ ልተው?"

"ደክሞኛል በያ።"

"ይበቃል እሱ?"

"ለእኔ ይበቃል።"

በመስከረም ከወንዙ ታች የመጡ ባልና ሚስት በቅሎዎቹን ገዝተው ወሰዱ። አርሌታ የጭነት ገመድ አያያዙን አሳየቻቸውና ገብታ ተኛች።