ሽታ የሌላት ነጭ ጽጌረዳ

ዛሬ እዚህ ዓረብ አገር፣ መዲናት ዛይድ፣ አበባ መሸጫ ውስጥ፣ አንዲት ሙሽራ ጽጌረዳ አሽትታ ራሷን ልትስት ነበር። እኔ ሚዜዋ ምስክር ነኝ።

ሰናይት ከአል ዓይን ከተማ ድረስ የመጣችው ለአርቡ ሠርጓ አበባ ልትመርጥ ነው። ውጭው ያቃጥላል። ሱቁ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ መስታወቱ በጉም ተሸፍኗል፣ ቅጠሉ ሁሉ ውሃ ያንጠባጥባል። ሕልም ውስጥ የገባን መሰለኝ።

ማስኳን ወደ አገጯ አወረደች፤ ዓይኗን ጨፍና ነጭ ጽጌረዳ አሸተተች። ቆየች። ደግማ አሸተተች።

"ወይኔ እህቴ፣ ምንም አይሸተኝም!"

በዚህ በኮሮና ዘመን ሙሽራ እንዲህ ከምትል "አላገባም" ብትል ይሻላል። እኔም በጥልቅ የእህትነት ፍቅር ሁለት ሜትር ሸሸሁ።

"ኸላስ፣ አለቀልኝ፣ አርብን ኳራንቲን ውስጥ ልውላት ነው!" እንባዋ ማስኳ ላይ ወረደ።

ባለሱቁ፣ ረጋ ያሉ ሕንዳዊ አዛውንት፣ አልሸሹም። "ማዳም፣ እሱ ለማንም አይሸትም። ርቆ እንዲጓዝ የተዳቀለ ነው። ከኢትዮጵያ ነው የሚመጣልን።"

የገዛ አገራችን አበባ ጉድ ሠራን!

ከዚያ ለአገራቸው ሴቶች ፀጉር ማስጌጫ የጎነጎኑትን የጃስሚን አበባ አቀበሏት። ሰናይት ዓይኗን ጨፍና አሸተተች።

"ሸተተኝ" አለች በሹክሹክታ።

ጽጌረዳውንም ጃስሚኑንም ገዛን። የሸሸሁትን ሁለት ሜትር ተመልሼ አቀፍኳት።

እናንተስ በዚህ ሰሞን አፍንጫችሁን የጠረጠራችሁ ቀን ምን አሽትታችሁ ተጽናናችሁ? ካልሲም ቢሆን አትደብቁ።