ሳልተረጉመው ያለፍኩት ዓረፍተ ነገር

ባለፈው እሁድ መድረክ ላይ ቆሜ ዋሸሁ... ያውም የቤተክርስቲያን መድረክ።

እኛ ሜኖናይቶች ነን። ሰፈር ውስጥ «ጴንጤ» ተብለን እናልፋለን፣ ዝርዝሩን የሚጠይቅ የለም። መሪ ሰፈር ተከራይተን ወደምንሰበሰብበት አዳራሽ ከሆላንድ አንዲት እንግዳ መጡ፣ ሰማንያን ያለፉ እማማ። እንግሊዝኛ ስለማስተምር ተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ... ምነው ባልሆንኩ!

የቤተክርስቲያናቸውን ታሪክ ነገሩን። ድሮ አውሮፓ ውስጥ «ካደግን በኋላ እንጠመቃለን» ስላሉ ብቻ ቅድመ አያቶቻቸውን ወንዝ ውስጥ ያሰጥሟቸው ነበር። የተረፉት በሰው ጓሮ ተደብቀው አመለኩ። በኋላ ተፈቀደላቸው... ሲፈቀድላቸው ደግሞ እርስ በርስ ተጣልተው ተከፋፈሉ። ልጆቻቸውም መምጣት ተዉ።

«በመጨረሻ እኔና አንዲት ጎረቤቴ ብቻ ቀረን» አሉ። «እኛም ተኮራረፍን።»

በምን? በመስኮት! አንዷ ይከፈት፣ አንዷ ይዘጋ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

የዚያን ቀን የጌታ እራት ነበረን። ከእራቱ በፊት ሁለት ሁለት ሆነን እግር እንተጣጠባለን፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ውሃው ጋ አይቀርብም። እነሱም ጋ እንደዚያው ነው። ሁለቱ እማማዎች ግን ሳይታረቁ ጎረቤትየዋ ሞተች። ቤተክርስቲያኑ ተዘጋ። አሁን ጂም ሆኗል።

ሳቁ ጠፋ። እማማ ወደ ሕዝቡ ዞረው በእንግሊዝኛ እንዲህ አሉ፦ «እዚህ የተኮራረፈ ካለ አሁኑኑ ይነሳ። እኔ ነገ፣ ነገ ስል ነው ያለቀብኝ።»

እህቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እናታችን የሞተች ጊዜ ለቅሶ ቤት፣ በሰው ፊት፣ «ስትታመም የት ነበርሽ?» ብያታለሁ። ይኸው ሁለት ዓመታችን፣ አንነጋገርም።

ያንን ከተረጎምኩ መጀመሪያ መነሳት ያለብኝ እኔው ነኝ። አፌን ከፈትኩ...

«ጌታ ይባርካችሁ ብለዋል» አልኩ።

እማማ ትክ ብለው አዩኝ። «አማርኛ እንዲህ አጭር ነው እንዴ?»

እህቴ ግን ባንክ ቤት የውጭ ደንበኛ ስታስተናግድ ነው የምትውለው፣ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። እማማ «ይነሳ» ሲሉ ከወንበሯ ብድግ ልትል ነበር፣ አይቻታለሁ። እኔን ስትሰማ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ተከተልኳት? አልተከተልኳትም። ጎንበስ ብዬ፣ ቅዳሜ ለጉብኝት የወጡት የእንጦጦ ማርያም ዳገት ያሳበጠውን የእማማን እግር አጠብኩ። ሳልታረቅ።

ማክሰኞ እህቴ ስሟ ከአባልነት እንዲሰረዝላት ጠይቃ ሄደች አሉኝ። ስደውልላት አታነሳም።

ሰዉ ግን እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «ትርጉምሽ ግሩም ነበር፣ ተባረኪ!» ይለኛል። እኔም... «አሜን» እላለሁ።