የታንኳ ገምባሌ

ወንድም ጋሼ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር ታንኳ ገዛ። ዕድሜውን ሙሉ በአዲስ አበባ መንገድ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ላይ ቀይ የፕላስቲክ ታንኳ ገዝቶ በአሮጌ መኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ ጠፍሮ ሲመጣ ሰፈሩ ሁሉ ለማየት ወጣ። ሚስቱ አይታ ተመልሳ ገባች። አብሮት የሚቀዝፍ ሰው ሲያጣ ወደ እኔ ደወለ።

«ሚጡ፣ እሑድ ዝዋይ እንሄዳለን። ሱሪ ልበሺ።»

አርባ ስምንት ዓመቴ ነው። ለእሱ ግን ዛሬም ሚጡ ነኝ።

እኔ ሰዓት ሠሪ ነኝ። ሙያውን ያስተማረን አባታችን ነው፤ ወንድሜ ወደ መኪና መሪ ሲሄድ እኔ በአባታችን ወንበር ላይ ቀረሁ። ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ጥግ አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ማጉያ መነጽር ዓይኔ ላይ ሰክቼ ከጉንዳን እግር የማይበልጡ ነገሮችን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። በውኃ ላይ ሄጄ አላውቅም ነበር።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሣሩ እስከ ጉልበት ነበር። ታንኳውን እየገፋን፣ ደንገሉን እየከፈትን ገባን። እኔ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ተቀመጥን። መቅዘፉን ቶሎ ለመድኩት፤ እንዲያውም ደስ እያለኝ ነበር። ዳርቻው በደንብ ከራቀን በኋላ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ወንድም ጋሼ፣ ሱሪዬ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«እኔ እንጃ። እየሄደ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ላይ ነዋ!»

«እንዳትነሺ! ከተነሳሽ ሁለታችንም ዋና መማራችን ነው።»

አልተነሣሁም። ነገሩ ግን ቆም እያለ፣ እንደገና እየጀመረ ባቴን አለፈ። ጉልበቴ ጋ ሊደርስ ሲል ሱሪዬን ከላዩ በግራ እጄ ጨምድጄ ያዝኩና መንገዱን ዘጋሁበት። ቀኝ እጄ ብቻውን መቅዘፊያውን ሲታገል ታንኳው መዞር ጀመረ። ከደንገል በተሠራ ጀልባው ላይ ቆሞ መረቡን የሚሰበስብ አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ቁምጣ የለበሰ ቀጭን ሰውዬ፣ ሁኔታዬን አይቶ ተጠጋ።

«እህቴ፣ ምነው? አመመሽ እንዴ?»

«አይ፣ እንግዳ አሳፍራ ነው» አለ ወንድሜ።

ሰውዬው ወዲያው ገባው መሰለኝ፣ እየሳቀ ሄደ። እኛም በአንድ ተኩል መቅዘፊያ ዳር ደረስን። ደንገሉ ውስጥ ተሸሽጌ ሱሪዬን ዝቅ ሳደርግ አንድ ቡናማ ፌንጣ ከጉልበቴ ሥር ተቀምጧል። አልነከሰኝም። ቀንዶቹን ግራና ቀኝ አወዛወዘና ዘሎ ሄደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እኔን ግን ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ፌንጣ ሱሪዬ ውስጥ ያን ያህል ሲጓዝ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ታች አልዞረም። ለምን?

በማግሥቱ ሱሪውንና ካልሲዬን በፌስታል ይዤ ሥራ ቤት ሄድኩ። ጋዜጣ ዘርግቼ አራገፍኳቸው። የወረደውን ሳየው ገረመኝ፦ የሣር ፍሬ፣ ጭጎጎት፣ የደንገል ስባሪ፣ ከሩዝ የምታንስ ቀንድ አውጣ፣ አንድ የሞተች ጢንዚዛ፣ ካልሲዬን ነክሶ አልለቅም ያለ የጉንዳን ጭንቅላት፤ ገላው የለም። ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁና አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሣሁ መመልከት ጀመርኩ። ጊዜው እንዴት እንደሄደ አላውቅም። ቀና ስል ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ጋዜጣው ላይ አፍጥጦ ቆሟል።

«ይኼ... የኔ ሰዓት ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ሁሉ ተለውጧል።

ሰዓቱን ከመሳቢያ አውጥቼ እስክሰጠው ድረስ አልተነፈሰም።

ያን ቀን የገባኝ አንድ ነገር ነበር። የሣሩ ፍሬ በዓይን ሲታይ ለስላሳ ነው፤ በማጉያ ግን ገላው ሁሉ ጥቃቅን ፀጉር ነው፤ ፀጉሩም በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። በሚሞላ ሰዓት ውስጥ ሞላው ወደ ኋላ እንዳይፈታ የምትይዝ ትንሽ ምላስ አለች፤ የመዘውሩን ጥርስ ወደ ፊት ታሳልፋለች፣ ወደ ኋላ ግን አትለቅም። ፍሬውም እንደዚያ ነው። ለማረጋገጥ አንዱን ሹራቤ እጅጌ ውስጥ ጨመርኩና ክንዴን ዐሥር ጊዜ አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ። አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ሄደ። ገልብጬ ሳስገባው ወደ ታች ወርዶ ወጣ። ስለዚህ ፍሬውን ወደ ላይ የምወስደው እኔው ራሴ ነኝ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ፣ በእያንዳንዱ መቅዘፍ። የፌንጣው ነገር ግን አልተፈታልኝም።

ለሁለተኛው ጉዞ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ወደ አፍንጮ በር በሚወስደው መንገድ ያለውን ጎሚስታ ለምኜ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ላይ አራት ቀለበት አስቆረጥኩ። ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ በላዩ ላይ በየእግሬ ሁለት ሁለት ቀለበት አጠለቅኩ። በእርግጥም ምንም አልገባም። ችግሩ የመጣው ከታንኳው ስወርድ ነው። እግሮቼ ከቁርጭምጭሚት በታች ደንዝዘው የሌላ ሰው እግር ሆነዋል፤ ረገጥኩ ብዬ ሳልረግጥ በጎኔ ውኃው ውስጥ ዘፍ አልኩ። ክንዴን ይዞ ያነሣኝ ያ ባለ ቁምጣው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ቀለበቶቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ይኼ ለምንድን ነው?»

ነገርኩት። የፌንጣውንም ጥያቄ ጨምሬ ጠየቅኩት፤ ለምን ወደ ላይ?

«ውኃ ፈርተው ነዋ» አለ፣ ይኼም ይጠየቃል እንዴ በሚል ዓይነት። «ሐይቁ ሲሞላ አይተሽ አታውቂም? ሣሩ ላይ ያለ ነፍሳት ሁሉ ሣሩን ይዞ ወደ ጫፍ ይወጣል። ያንቺ እግር ለነሱ ሣር ነው።»

ልብሴ እየተንጠባጠበ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲያየው የኖረውን እኔ በማጉያ ስፈልግ ነበር። ቁምጣ የለበሰውም ለዚህ ነው፤ የሚወጣበትን ነገር ያየዋል፣ በእጁ ጠረግ ያደርገዋል። እኔም በሚቀጥለው እሑድ ሱሪዬን ጠቅልዬ ሞከርኩት። ትንኙና ፀሐዩ ተረባርበው ባቴን ቲማቲም አስመሰሉት። የእሱ እግር ለምዷል፤ የእኔ የፒያሳ እግር ነው።

አፍንጮ በር፣ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት፣ በረንዳ ላይ አንድ የስፌት መኪና ያላቸው የወሎ ሰው አሉ። በልጅነታቸው መጥተው እዚሁ ያረጁ ናቸው፤ የአባታችንን ኮት ሁሉ የሰፉት እሳቸው ናቸው። አባባ እላቸዋለሁ። የሱሪዬን እግር ጫፍ በላስቲክ እንዲያጠብቡልኝ ሄድኩና ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንቺ የምትፈልጊው ገምባሌ ነው፣ ልጄ።»

ቃሉን ከአባታችን አፍ ከሰማሁት ብዙ ዘመኑ ነው። ከጉልበት በታች ባትን ከጫማ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ልብስ ነው፤ አባባ መርፌ በያዙበት ዘመን አስተማሪያቸው ከወፍራም ሸራ ለፈረሰኛ ፖሊሶች ይሰፉት ነበር አሉኝ።

«ፈረሰኛው ግን እግሩን አንጠልጥሎ ነው የሚቀመጠው። በታንኳ እንዴት ነው አቀማመጡ?»

«ጉልበት ታጥፎ ነው፣ አባባ።»

«እስቲ ተቀመጪ። ልይ።»

«የት?»

«እዚሁ!»

በረንዳው ላይ፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ መካከል ቁጭ አልኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ። የመጋረጃ ዘንግ ሰጡኝና «ቅዘፊ» አሉኝ። ቀዘፍኩ። የታክሲው ሰልፍ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ስድስት ኪሎ አንድ ሰው! የሞላ! የሞላ!» ብሎ አንዱ ከሰልፉ ውስጥ ጮኸ፤ ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። አባባ አልሰሙትም። ጎንበስ ብለው የሱሪዬን ቅምቅማት ነበር የሚያዩት።

«አየሽ? ስትቆሚ ጫማሽ ላይ ነው። ስትቀመጪ በአራት ጣት ይሸሻል። ስትቀዝፊ ደግሞ አፉን ይከፍታል።» ቀና አሉና «ስንት ዘመን ሰው እያቆምኩ ስለካ ኖርኩ» አሉ፤ ለራሳቸው ነበር። «አንድንም ሰው ተቀመጥ ብዬ አላውቅ።»

የመጀመሪያውን ገምባሌ ከተሰበረ ጃንጥላ ጨርቅ ሰፉት። ከላይ ላስቲክ፣ ከታች በጫማው ሥር የሚያልፍ ማሰሪያ አለው፤ በጎን ደግሞ በቁልፍ ይዘጋል። ቀለል ያለ፣ ጥቁር፣ የሚያምር ነገር ነበር። እሑድ ሐይቁ ላይ ሞክሬው ከታንኳው ስወርድ ግን ውኃው ጉልበቴ ድረስ ደርሶ በላዩ ገባና መውጫ አጣ። በሁለት እግሬ ሁለት ጀሪካን ተሸክሜ እየተጎተትኩ ዳር ወጣሁ። ወንድም ጋሼ ሳቁን መያዝ አቅቶት መሬት ላይ ተቀመጠ።

አባባ ይህን ስነግራቸው አልሳቁም። እንደ ሐኪም ጠየቁኝ፤ ውኃው ከየት ገባ፣ የት ቆመ፣ ሲወጣ በየት በኩል አንጠባጠበ? ሁለት ቀን ቆይተው ስመለስ ከቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ያለውን ጃንጥላ ቆርጠው አውጥተው በምትኩ አጎበር ሰፍተውበታል፤ ያንኑ የወባ አጎበር፣ በሁለት ድርብ።

«ውኃ ይወጣል። ትንኝ አይገባም» አሉኝ። «ግን እኔ ራሴ ካላየሁት አላምነውም። ለእኔም አንድ ሰፍቻለሁ።»

ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። ለወንድም ጋሼ ስነግረው ትንሽ አመነታና «ዋና ይችሉ እንደሆነ ጠይቂያቸው» አለኝ። ጠየቅኳቸው። «በወንዝ ዳር ያደገን ሰው ይኼን ትጠይቂዋለሽ?» ብለው ተቆጡኝ። ቢሆንም ወንድሜ የሚያንሳፍፍ የመዋኛ ሰደርያ ፈልጎ አመጣላቸው።

እሑድ ጠዋት ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ገምባሌያቸውን ከቤታቸው ጀምሮ አጥልቀው መጡ። ሰደርያውን ከኮቱ በላይ አሰርንላቸው። ታንኳው መሐል አስቀመጥናቸውና ገባን። አካባቢውን ያያሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወፎቹ፣ ደሴቶቹ፣ ሁሉም አሉ። እሳቸው ዓይናቸውን ከእግራቸው አላነሡም። አንድ ጉንዳን ከታንኳው ወለል ተነሥቶ ጫማቸው ላይ ወጣ።

«ቆዩ፣ አትቅዘፉ» አሉ።

ቆምን። ጉንዳኑ አጎበሩን ረግጦ አለፈ፣ ጃንጥላው ላይ ተንሸራተተ፣ እንደገና ወጣ። ላስቲኩ ጋ ሲደርስ ቆመ። እግራቸውን አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። መግቢያ ሲያጣ ላስቲኩን ተሻገረና በሱሪያቸው ላይ ሽቅብ ቀጠለ፤ ግን በውጭ በኩል፣ ሁላችንም እያየነው። አባባ ጣታቸውን ዘርግተው መንገዱ ላይ አስቀመጡለት፤ ወጣበት። አንሥተው ዓይናቸው አጠገብ አደረጉትና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ተቸገርክ፣ አይደል?» አሉት በለሆሳስ።

ወዲያው ትከሻቸው ዘለለ። «ያ አላህ!» ብለው አንገታቸውን ያዙ። ከደንገሉ ስናልፍ የወደቀ አንድ ነገር በኮሌታቸው ገብቶ በጀርባቸው እየወረደ ነበር። ወንድሜ ከኋላ ሆኖ ሰደርያውን ፈታ አድርጎ ኮታቸውን አራገፈ። ትንሽ አረንጓዴ ጢንዚዛ ነበረች፤ ውኃው ላይ ሳትወድቅ ክንፏን ከፍታ በረረች።

«ይኼኛው ወደ ታች ነው የሄደው!» አልኩ።

«ታዲያ!» አሉ አባባ እየሳቁ። የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። «ገና ብዙ የማናውቀው አለ።»

ከዚያ በኋላ ቀና አሉ። ሐይቁን ገና ያኔ ያዩት ይመስለኛል። ውኃው አረፋማ ቡናማ ነው፤ ውስጡ አይታይም።

«ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ብለው ጠየቁ።

ወንድሜ መቅዘፊያውን ቁልቁል ሰደደ፤ አልደረሰም። አባባ ከኮት ኪሳቸው የልብስ መለኪያ ሜትራቸውን አወጡ። ከሌላው ኪሳቸው መቀሳቸውን አውጥተው በጫፉ አሰሩና በጥንቃቄ ውኃው ውስጥ ለቀቁት። እኔና ወንድሜ ታንኳው እንዳይዞር መቅዘፊያችንን ውኃው ውስጥ ይዘን ጠበቅን። ሜትሩ በጣቶቻቸው መካከል ቁጥር በቁጥር ወረደ፣ አንድ መቶ አለ፣ አንድ መቶ ሃምሳ ላይ አለቀ። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ውኃው ውስጥ ከተቱ፤ የኮታቸው እጅጌ ራሰ።

«መሬት አልነካም» አሉ፣ ጎንበስ እንዳሉ። «ክር የያዘ አለ?»