«አለኸኝ አለፈ»

መነሻ

ባህር ዳር የወሰደኝ ክርክር ነው። እኔ ደግሞ ክርክር ስወድ ለጉድ ነው። የምሠራው አዋሽ ዳር ካሉት የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ ነው፤ ቀን ቢሮ ውስጥ ፋይል አገላብጣለሁ፣ ከሥራ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራችንን የግድግዳ ጋዜጣ የስፖርት ዓምድ እጽፋለሁ። ለዚያ ወር ያወጣሁት ጥያቄ አንድ ነበር፦ በዓይናችሁ ካያችሁት ተጫዋች ሁሉ ማን ይበልጣል? በሬዲዮ የሰማችሁት አይቆጠርም፤ ሜዳ ዳር ቆማችሁ ያያችሁት ብቻ።

እርሻው ታመሰ። የድሬዳዋ ልጆች የራሳቸውን አነሡ፣ የአዲስ አበባዎቹ የራሳቸውን፤ ሁለት የትራክተር ነጂዎች እስከ መዘጋጋት ደረሱ። ዝም ያለው ጎጃሜው ብቻ ነበር። ጎጃሜው የምንለው የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ኃላፊ ነው። ግራ እግሩን ይጎትታል። «ሄድሁ»፣ «ነበርሁ» ሲል ወጣቶቹ ይቀልዱበታል። ጠዋት ጠዋት ግምጃ ቤቱን ሊከፍት ሲል አውራ ጣቱን በምራቅ ያርስና የግራ ጫማውን አፍንጫ ይጠርጋል፤ ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። ከተቀየመ ደግሞ አያድርስ ነው። አንድ ጊዜ የተበደርኩትን ጨው ሳልመልስ ብቀር ሁዳዴን በሙሉ ሰላም ነስቶኛል።

በዓመት ፈቃዴ ባህር ዳር የምታስተምረውን እህቴን ጽጌን ልጠይቅ እንደምሄድ ሲሰማ ግን ራሱ ቢሮዬ መጣ። እዚያም ጥያቄህን ጠይቅ አለኝ። አገሩን ታውቀዋለህ እንዴ ስለው፣ አንድ ጊዜ አልፌበታለሁ ብሎ ፊቱን አዞረ። በሩ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ።

«ማንን እንደሚሉ ስማልኝ» አለ።

«ስማልኝ» ያላትን ቃል ያኔ ልብ አላልኳትም።

ኬላና በረሃ

ከአዲስ አበባ አውቶቡሱ የተነሣው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ኪሴ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጠብቀው የይለፍ ወረቀቴን ነበር፤ ያለ እሱ ከከተማ መውጫው ኬላ ፈቀቅ የለም። አንዱ ኬላ ላይ ያለው ወታደር ወረቀቴን አገላብጦ አየና ከደብተሬ ላይ ጥያቄዬን አነበበ። እሱም የሚመልሰው አልጠፋውም፤ የትውልድ ቀበሌውን በረኛ ስም አስጻፈኝ። ከዚያ እጁን አንሥቶ «ይለፍ» ብሎ ጮኸ፣ ገመዱም ወረደ።

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ስንገባ ጫወታው ሁሉ ቆመ። ሙቀቱ ከታች ይጠብቀን ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት እናት አንዱ ጥምዝ ላይ ስንደርስ አማተቡ። የዛሬ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የተገለበጠው እዚህ ነው አሉኝ፤ ከሰዎቹ ጥቂቶቹ አፅማቸው እንኳ አልተገኘም። እኔም በመስኮት ወደ ታች አየሁ፣ ባላየሁ ይሻለኝ ነበር። ደጀን ስንወጣ ሁሉም ሰው አንድ ላይ ማውራት ጀመረ።

ደብረ ማርቆስ አደርን። አልጋው ሁለት ብር ነው፤ ቁንጫው በነፃ። ሽሮው ግን የሚያስረሳ ነበር፣ ሁለቴ አስጨመርኩ።

ባህር ዳር

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረስን። ዘንባባዎቹ፣ ሰፊው መንገድ፣ ከፋብሪካው የሚወጣው የብስክሌት ጋጋታ፤ ጽጌ ደግሞ ከሳህ ብላ ልትቆጣኝ መናኸሪያው ድረስ መጥታለች።

ሥራዬን የጀመርኩት በማግስቱ ጠዋት ሐይቁ ዳር ነው። አቶ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ከደንገል ታንኳ ይሠራሉ፤ ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው በገመድ ያጠብቃሉ። ጥያቄዬን ሳቀርብ ቀና እንኳ አላሉም።

«አለኸኝ ነዋ» አሉ። «አላህ ይዘንለት።»

ከዚያ ሥራቸውን ትተው ተነሡ። የማዕዘን ምት ሲመታ እንዴት እንደነበር ያሳዩኝ ጀመር። ኳሷን ያስቀምጣል፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ አውራ ጣቱን በምራቅ ያርስና የግራ ጫማውን አፍንጫ ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ በረኛው ቢጸልይ ይሻለዋል አሉ።

የሆነ ነገር ውስጤን ጫር አደረገኝ። የጎጃሜው ስም በደመወዝ መዝገቡ ላይ አለኸኝ ተብሎ እንደተጻፈ አውቃለሁ። ግን ጎጃም ውስጥ አለኸኝ ቢጠራ ስንቱ አቤት ይላል? ጫማውን በምራቅ የሚጠርግስ እሱ ብቻ ነው? ያውም ይሄኛው ሞቷል። ራሴን ገሠጽኩና ወደ ሌላው ሄድኩ።

ሌላውም ያው ሆነ። ዓሣ የምትጠብሰው ሴት አለኸኝ አለች። የፋብሪካው ሸማኔ፣ ድሮ ከሱ ጋር ተከላካይ ሆነው የተጫወቱት ጋሽ ይግረም፣ ስሙን ሲጠሩ ቆባቸውን አወለቁ። እንዴት እንደሞተ የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ለብሔራዊ ቡድን ምርጫ ተጠርቶ አዲስ አበባ ሄደ። በዚያው ሳምንት ዓባይ በረሃ ላይ አውቶቡስ ተገለበጠ የሚል ወሬ መጣ። ከተማው በጭንቀት ላይ ሳለ ለእናቱ ቴሌግራም ደረሰ። ተለቀሰ፣ አርባው ወጣ፣ ተዝካሩ ወጣ።

ደብተሬ ላይ አሥራ አንድ ሰው ጻፍኩ። አሥራ አንዱም አንድ ስም ነው።

ሜዳው

እሑድ ከሰዓት ጋሽ ይግረም ጨዋታ ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ፤ አቶ ሰይድም መጡ። ቡድኖቹ መሐል ሜዳ ተሰለፉ፣ ግን ፊሽካ አልተነፋም። ድምፅ ማጉያው፣ በየዓመቱ በውድድሩ መክፈቻ እንደሚደረገው፣ ለአለኸኝ የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት እንድናደርግ ጠየቀን። ያ ሁሉ ሰው ብድግ አለ። ቆሎ ሻጩ ሳይቀር ቁናውን መሬት አስቀምጦ አንገቱን ደፋ። አምበሉ ባለ መስተዋት ፎቶግራፍ ደረቱ ላይ ይዞ በፊታችን አለፈ።

ክው አልኩ። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሰው ቀጭን ነው፣ ፀጉሩ ጎፈሬ ነው፣ ይስቃል። ጎጃሜው ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ግን ጎጃሜው ነው። ከሳምንት በፊት ለመንገድ ይሁንህ ብሎ ሎሚ የሰጠኝ ሰው ነው። የሕሊና ጸሎቱ ሳያልቅ ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

«ይህ ሰው እኮ አልሞተም።»

ጋሽ ይግረም ዞረው አዩኝ። በጣም ቀስ ብለው፣ በሙት አትቀልድ አሉኝ። እኔም የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ የሚጎተተውን እግር፣ «ሄድሁ»ን፣ ግምጃ ቤቱን። አውራ ጣቱን ስነግራቸው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ቴሌግራሙ ምን ይል ነበር ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሁለት ቃል ነው» አሉ። «አለኸኝ አለፈ።» ከሥሩ አብሮት የሄደው የቡድን መሪ ስም።

«የሄደው ለምን ነበር?»

«ለምርጫ ነዋ። አልነገርሁህም?»

ከዚያ አቶ ሰይድ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ምርጫውን አለፈ! ሰውየው የምሥራች ነበር የላከው። ቴሌግራም በቃል ስለሚከፈል ቃል ቆጥቦ፣ ሁለት ቃል አድርጎ፣ አንድ ከተማ ጥቁር አለበሰ። እንዴት አንድ ሰው አልጠየቀም ብዬ ተቆጣሁ፤ በማን ላይ እንደተቆጣሁ ግን እኔም አላውቅ። ጋሽ ይግረም የቡድን መሪው ከአዲስ አበባ ሳይመለስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር መዛወሩን ነገሩኝ። በዚያ ዓመት ደግሞ፣ አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ስለ ሞተ ሰው አጥብቆ የጠየቀ ራሱ ይጠየቅ ነበር።

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ

ቀሪው ጭንቅ እናቱ ናቸው። እማማ ጥሩወርቅ አሁንም ጥቁር እንደለበሱ ናቸው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ሰው ያውቃል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል። የሞተ ሰው በሕይወት አለ ተብሎ እንዴት እንደሚነገር ግን ማን ያውቃል? አቶ ሰይድ በጠራራ ፀሐይ፣ እየሳቅን እንሂድ አሉ። ጋሽ ይግረም አሻፈረኝ አሉ፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በወጉ ነው የሚነገረው ብለው ድርቅ አሉ። እኛም ሞኞቹ ተከተልናቸው።

እማማ ጥሩወርቅ ደጃቸውን ይጠርጋሉ። ጎህ ሲቀድ ነጠላ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ እንግዳ ሲመጡ አዩ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

«ውዴ ናት?» አሉ።

ውዴ ጎንደር ያገባች፣ የቀረቻቸው አንድ ልጅ ናት። መሬት ላይ ዘፍ ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ጋሽ ይግረም የሚያውቁት መርዶ መንገር ብቻ ነውና ምላሳቸው ተሳሰረ። እኔ እማማ ጥሩወርቅ አጠገብ ተንበረከክኩ።

«እማማ፣ የሞተ የለም። አለኸኝ በሕይወት አለ። እኔ ከሱ ጋር ነው የምሠራው።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አላመኑኝም፤ በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። ፎቶግራፉን፣ ጣቱን ነገርኳቸው። ይህን ሁሉ አገሩ ያውቀዋል አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ።

«ሲቀየም ምን ያደርጋል?»

«ዝም ይላል» አልኩ። «እኔን በአንድ ቁንጣሪ ጨው ሁዳዴን በሙሉ ዘግቶኛል።»

እማማ ጥሩወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እሱ ነው» አሉ። ቀጥሎ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ስምንት ዓመት? እኔ ጥቁር ለብሼ፣ እሱ አኩርፎ?»

ሳቁ ይሁን ልቅሶ ይሁን ያልለየሁት ነገር ከውስጣቸው ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ግማሹ ውዴ ሞተች ብሎ እያለቀሰ፣ ግማሹ እልል እያለ። እማማ ሲረጋጉ ከሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ቴሌግራም አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ስጠው» አሉ። «አንብቦ ካልመጣ፣ ያን ጊዜ የእውነት ለቅሶ እቀመጣለሁ በለው።»

መመለሻ

ፈቃዴ ሳያልቅ ተመለስኩ። ጽጌ ተቀየመችኝ፤ እሷ እንኳ ቶሎ ትረሳለች። ዓባይ በረሃን ስናልፍ ያቺን ጥምዝ አይቼ እኔም አማተብኩ። መንገዱን ሁሉ የደረት ኪሴን እየነካሁ መጣሁ፤ አንዴ ለይለፍ ወረቀቴ፣ አሥሬ ለቴሌግራሙ።

ጎጃሜው ግምጃ ቤቱ ውስጥ የትራክተር ማጣሪያ ይቆጥራል። ሲያየኝ ደህና ገባህ እንኳ አላለኝም።

«ማንን አሉ?»

ቴሌግራሙን ሰጠሁት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነው፤ በስምንት ዓመቱ እንኳን ደስ ያለህ የተባለ መሰለው።

«አዎ፣ አልፌ ነበር እኮ» አለ። «የቡድን መሪውን ለእናቴ ንገርልኝ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ እናቱ ጥቁር እንደለበሱ ነገርኩት። የሕሊና ጸሎቱን ነገርኩት። ወረቀቱን እንደገና አየ፤ አሁን ግን በእናቱ ዓይን አነበበው። ማጣሪያው ከእጁ ወድቆ ተንከባለለ፣ እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። ቀስ እያለ ነገረኝ። ምርጫውን ባለፈ በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ሆስፒታል ሆኖ ሁለት ወር ሙሉ በር በሩን አየ። እንኳን ደስ ያለህ ያለው የለም፣ እግዜር ይማርህ ያለው የለም። እግሬ ከጥቅም ሲወጣ ረሱኝ፣ ዳግመኛ አልመለስም ብሎ ማለ፤ ማንም የማያውቀው አገር ፈልጎ እኛ ዘንድ መጣ። እነሱ እሱን ያለቅሱ ነበር፣ እሱ እነሱን ያኮርፍ ነበር።

ከዚያ ጉዞ ወዲህ እኔ በጋዜጣዬ ላይ ቃል አልቆጥብም። አዘጋጆቹ አሳጥር ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ፣ አላሳጥርም።

በማግስቱ ጠዋት ማኅበሩ ቢሮ ይለፍ ወረቀት ሊያወጣ ተሰለፈ፤ እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ፀሐፊዋ ስሙን ጻፈች፣ መድረሻውን ጻፈች። ቀና ብላም የጉዞህ ምክንያት አለችው።

አውራ ጣቱን በምራቅ አርሶ የግራ ጫማውን አፍንጫ ጠረገ።

«እንዳላለፍሁ ልናገር» አላት።