ትካዜ የሚጥመው ልብስ ሰፊ

ሰፈሩ «ጋሽ ትካዜ» ይለው ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ በኮት ስፌት እጁ የተመሰከረለት። በጠባቧ ሱቁ ውስጥ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ቴፕ አሉ። ግድግዳው ላይ በመስኮት ዝናብ የምታይ ብቸኛ ሴት ሥዕል ተሰቅሏል። ከቴፑ የሚወጣው ዘፈን በሙሉ ስለ መለየትና ስለ ሞት ነው። የጭፈራ ዘፈን ሲሰማ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል።

«እኔ ካልከፋኝ ደስ አይለኝም» ይላል እየሳቀ። ዜማው ሆዱን ሲያባባው መኪናውን አቁሞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። ከዚያ ገላውን እንደታጠበ ሰው ቅልል ይለዋል።

አጠገቡ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» ትለዋለች።

«ኧረ ክፉ አይንካን!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?»

«እኔ እንጃ። ብቻ ይጥመኛል።»

በተጋቡ በሃያ ሦስት ዓመታቸው ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘ። አራት ወር አልቆየችም። ቀብሯ ላይ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወጣውም። ታላቅ እህቷን አላስቻላትም።

«ለካሴት ስታለቅስ ኖረህ ለእሷ እንባ ነፈግካት?» አለችው፣ ሰው እየሰማ።



በሳምንቱ ሱቁ ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋና በጣም የሚወደውን ካሴት ከተተ። ዘፋኙ ይጮኻል፣ እሱ እንባውን ይጠብቃል። ምንም። ካሴቱን ገለበጠው። ሌላ አስገባ። ያ ያንሰፈስፈው የነበረ ድምፅ፣ የማያውቀው ሰው ስለማያውቀው ጉዳይ የሚለፈልፍ መሰለው። ጠረጴዛው ላይ ከመታመሟ በፊት ቁልፍ ልትተክልለት የጀመረችው የራሱ ኮት አለ፤ ሦስት ቁልፍ ተተክሏል፣ አራተኛው ላይ መርፌው እንደተሰካ ነው። አየው። ያኔም አላለቀሰም።

ከወር በኋላ እህቷ ይቅርታ ልትጠይቀው መጣች።

«ልክ ነበርሽ፣ እትዬ» አላት። «የሰው ሐዘን ነው ሲጣፍጠኝ የኖረው። የራሴ ሲመጣ ጣዕም የለውም፤ ድንጋይ ነው።»

«ጊዜ ስጠው።»

«ድሮ ሳለቅስ የምታየኝ እሷ ነበረች። አሁን ለማን ላልቅስ?»

እትዬ እጁን ያዘችው።

ዛሬም ይሰፋል። ልክ ይወስዳል፣ ቀን ይቀጥራል፣ ያስረክባል። ሥራ የሌለ ቀን ግን ወደ ባዶው ቤቱ አይሄድም። የራሱን ሱሪ ከጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ስፌቱን ይተረትረዋል፤ ከዚያ በዚያው መስመር መልሶ ይሰፋዋል።